የደረቀ ጨፌን መልሶ ማርጠብ፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋ ቀበሌዎች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ቦይ ተቀዶለት፣ ዳሩ ታርሶ ወይም በባሕር ዛፍ ተከቦ የደረቀ የወል ጨፌ ላለው ቀበሌ ነው። ዓላማው ሁለት ነው። ጨፌው ለወፍና ለዱር እንስሳ ተመልሶ መኖሪያ እንዲሆን፣ ደግሞም ቀጠማ የሚታጨድበት፣ ታቦት የሚወርድበት፣ ከብት በወረፋ የሚገባበት ቦታነቱን እንዳያጣ። ሁለቱን ነጣጥሎ የሚሠራ ሁለቱንም ያጣል ባይ ነኝ። ሰው ተባሮ የታጠረ ጨፌ ብዙም ሳይቆይ አጥሩ ይነቀላል፤ ሰው እንደፈለገ የሚገባበት ደግሞ ወፍ አያርፍበትም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቦታውን ማየት፣ መስማማት፣ ውኃውን መመለስ፣ ማሳረፍ። ችግኝ መትከል በዚህ ውስጥ የለም። የክረምት ተከላ ሲመጣ «ባዶ ሜዳ አለ» ተብሎ ጨፌው በዛፍ እንዳይሞላ ከአሁኑ ለልማት ሠራተኛው ንገሩት። ጨፌ ዛፍ የሌለው መሆኑ ጉድለቱ ሳይሆን ተፈጥሮው ነው።

ቦታውን ማየት

ጨፌውን ሁለት ጊዜ ዙሩት፤ አንዴ በነሐሴ ውኃው ሞልቶ ሳለ፣ አንዴ በየካቲት ወይም በመጋቢት ሁሉ ሲደርቅ። በነሐሴ ውኃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ይታያል፤ በበጋ የመጨረሻው እርጥበት የት እንደሚቀር ይታወቃል። በልጅነቱ እዚያ ከብት የጠበቀ ሽማግሌ አብሯችሁ ይዙር። ምንጩ የት ነበር? ለቤተ ክርስቲያን ቀጠማ የሚታጨደው ከየትኛው ጥግ ነው? ቦዩን ማን ቀደደው፣ ለምን? እረኞች የወፍ እንቁላል የሚያገኙት የት ነበር? ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ። ውኃ የሚቀዱትና ኩበት የሚለቅሙት እነሱ ስለሆኑ ወንዶቹ የዘነጉትን ምንጭ ያስታውሳሉ።

ከዚያ አካፋ ያዙ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ በሦስት በአራት ቦታ ቆፍሩና አንዱን ግድግዳ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። መረሬው ወደ ግራጫ ሄዶ በመካከሉ የዝገት ቀለም ያለው ዝንጉርጉር ካለበት፣ ያ ቦታ በየዓመቱ ለረጅም ጊዜ ውኃ ይተኛበት ነበር። ዝገቱ የሣር ሥር ባለፈበት ቀዳዳ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ይታያል፤ ጓሉን በእጅ ሰብራችሁ ፀሐይ ላይ ብትይዙት አይጠፋችሁም። ዝንጉርጉሩ ከላይ በስንዝር ተኩል ውስጥ ከጀመረ የጨፌው እምብርት እዚያ ነበር። ምልክቱ የሌለበት ጥግ ድሮም ደረቅ ሳይሆን አይቀርምና እዚያ ውኃ ለማቆር ጉልበት አታባክኑ።

የደረቀበትንም ምክንያት ለዩ። ለእርሻ የተቀደደ ቦይ ሊሆን ይችላል፤ ዙሪያውን የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ከላይ ምንጩን የሚጠልፍ የሞተር ፓምፕ፣ ወይም ከታች ወደ ላይ እየበላ የሚመጣ ቦረቦር። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ሦስቱ ተደርበው ይገኛሉ። ክፉው ቦረቦሩ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ አናቱ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ሲገፋ ማንም ልብ አይለውም፤ ጨፌው መሃል ሲደርስ ግን የአፈሩን ውኃ ሁሉ ስቦ ያወርደዋል።

መስማማት

አካፋ ከመነሳቱ በፊት ደንብ ይጻፍ። አርአያ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የወል መሬት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባል የወል መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ኃላፊው አባ ቄራ ይመረጣል፤ ሜዳው ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተነግሮ ይከፈታል። መጀመሪያ ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ተመልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የአፅመ ርስት ይዞታ ሲያስቀር ቄሮውም ፈረሰ፤ ኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ አደራጀው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ የሚኖሩት ሣሩ እየታጨደ፣ ከብቱም በወረፋ እየገባ ነው።

ከጓሳ የሚቀዳው የተመረጠ ኃላፊ መኖሩና የመክፈቻውና የመዝጊያው ቀን ለሁሉም የታወቀ መሆኑ ነው። ዘመኑ ግን እንዳለ አይቀዳም። ትንሽ ጨፌ ለዓመታት ቢዘጋ ጎረቤት ይጣላል፤ ቀጠማና ሣርም በየዓመቱ ይደርሳል። ስለዚህ ከሐምሌ አቦ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ መዝጋት ለመጀመሪያ ይበቃል። ቀኑን በቁጥር ከመጻፍ በበዓል ማሰር ይሻላል፤ ማንም ረሳሁ አይልም።

ደንቡ ከሁለት ገጽ አይለፍ። ማን፣ መቼ፣ ስንት ሸክም እንደሚያጭድ፤ ከብት መቼ እንደሚገባ፤ ቅጣቱ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚሰበስበው። የጨፌውን ዳር ገፍተው ያረሱ ሰዎች ካሉ በስብሰባ ላይ አታዋርዷቸው። ድንበሩን የቀበሌው መሬት አስተዳደር ከመዝገቡ አይቶ ይቸክል፤ ለለቀቁት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሣሩ ድርሻ ከፍ ይደረግላቸው። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ኩበት የሚለቅሙ እናቶች በደንቡ ውስጥ ስማቸው ካልተነሳ ደንቡን የሚጥሱት ቀድመው እነሱ ይሆናሉ፣ ፍርዱም በእነሱ አይሆንም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትዝጉ። ከጨፌው ሩቡን ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ።

ውኃውን መመለስ

ሥራው የሚዋጣለት አፈሩ ልከኛ እርጥበት ሲኖረው ነው። መረሬውን ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ቅርጹን ከያዘና እጅ ላይ ካልተለጠፈ ጊዜው ነው። ይህ ኅዳር ገደማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ሰው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ሥራው ወደ ጥር ከተገፋ መረሬው ደርቆ ስለሚሰነጠቅ በቦዩ ውስጥ በቀረው ውኃ አፈሩን ከዋዜማው አርጥባችሁ አሳድሩት። ጓል በጓል ላይ የተከመረ ክትር ክረምቱ ሲገባ በስንጥቁ ውኃ ያስገባና ይናዳል።

ቦዩን ከዳር እስከ ዳር መሙላት አያስፈልግም። በየመካከሉ በመረሬ ክትር ድፈኑት። የሚያስፈልገው አካፋ፣ ዶማ፣ ባሬላ፣ ገመድና የልማት ሠራተኛው ለእርከን ሥራ የሚጠቀምበት ላይን ሌቨል (በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የከፍታን ልክ የሚያሳይ ውኃ ልክ) ነው። ክትሮቹ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ፤ የታችኛው ክትር ያቆረው ውኃ ከላይኛው እግር ሥር መድረስ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ30 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሥራውን ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ የምትሠሩበት ቦታ በዚያ መንገድ ደረቅ ይሆንላችኋል።

አንድ ክትር እንዲህ ይሠራል። የቦዩን ወለል ከደለል፣ ከሥርና ከቅጠል አጽዱ፤ ጥሬው መረሬ እስኪታይ። በወለሉም በሁለቱ ጎኖችም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቆፍራችሁ ክትሩ ጥርስ እንዲኖረው አድርጉ። ከዚያ አፈሩን ስንዝር ስንዝር እየደለደላችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ እርገጡት፤ ቀዳሚው ድልድል ሳይጠቀጠቅ ሁለተኛው አይጨመርም። ክትሩ በቦዩ ርዝመት ከ2 እስከ 3 ሜትር ይያዝ። ጫፉ ከሜዳው በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣልና። በግራና በቀኝ ከ3 እስከ 5 ሜትር ዝቅ ያለ ክንፍ ይውጣለት። ይህ ክንፍ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ክትር የሚበላው በመሃሉ ሳይሆን በጎኑ ነው። ውኃው ክንፉን ይዞ ሜዳው ላይ መበተን አለበት። በመጨረሻ ከነሥሩ በተነሳ ሣር ሸፍኑት። ያልተሸፈነ መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

የመጨረሻው፣ ማለትም የጨፌው መውጫ፣ በአፈር አይደፈን። እዚህ ላይ ከባሕር ጠረፍ የጨው ኩሬዎች የተገኘ ትምህርት አለ። በሌላው ዓለም ጨው በባሕር ጠረፍ የሚመረተው ጥልቀት በሌላቸው በተያያዙ ኩሬዎች ነው፤ የባሕር ውኃ በበር ይገባና ከኩሬ ወደ ኩሬ እያለፈ ጨውነቱ ይጠነክራል። በጨዋማው ውኃ የሚራቡት ጥቃቅን ፍጥረታት ፍላሚንጎንና ሌሎች ወፎችን ይቀልባሉ፣ ወፎቹም ግድቡና ደሴቱ ላይ ይጥላሉ። ምርቱ ሲቆምና በሩን የሚከፍት የሚዘጋ ሰው ሲጠፋ ኩሬው ወይ ይደርቃል ወይ ግድቡ ይፈርሳል። በደቡብ ፈረንሳይ ካማርግ፣ ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ከጨው ኩባንያ የተገዛ 6,500 ሄክታር ገደማ መሬት የባሕሩ ውኃ ተመልሶ እንዲዘዋወርበት ተደርጓል። በስሎቬኒያ ሴቾቭሊዬ ደግሞ በጥብቅ ስፍራው ውስጥ ዛሬም በድሮው ዘዴ ጨው ይመረታል፤ ሥራው ራሱ ቦታውን ይጠብቀዋል።

የእኛም ጨፌ በር ያስፈልገዋል። በመውጫው ላይ ከድንጋይ ሁለት ግንብ አቁማችሁ በሚተያዩት ጎኖቻቸው ላይ ትይዩ ጎድጓዳ መስመር አውጡና 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ሦስት ጣውላዎች አስገቡበት። ከበሩ በታች ውኃው የሚወድቅበትን ወለል በጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉት። ዋናው ጎርፍ ሲያልፍ፣ በነሐሴ መጨረሻ ጣውላው ይጨመራል፤ አጨዳ ሲቃረብ አንድ በአንድ ይነሳል። የበሩ ኃላፊ አንድ ሰው ይሁን፣ ስሙም ደንቡ ላይ ይጻፍ። ሁሉም የሚነካው በር የጠብ ምንጭ ነው። ከታች ውኃውን በመስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ካሉ ጣውላ የሚነሳበትን ቀን አብራችሁ ወስኑ።

ጥልቀት አትፈልጉ። ረጃጅም እግር ያላቸው የዳር ወፎች የሚመገቡት ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች በሆነ ውኃ ነው፤ ይብራም (ዳክዬ) ቢሆን ከ30 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠው ላይ ይረካል። ከዚያ በላይ የሆነው ሣሩን ይገድላል፣ ሕፃንም ያሰጥማል። ለመንገድ ሥራ ወይም ለጡብ አፈር የተቆፈረበት የተተወ ጉድጓድ ካለ አትድፈኑት። ገደሉን ናዱና 10 ሜትር ሲኬድ 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ ዳር አውጡለት፤ በመሃሉ ጉብታ ተዉለት፣ ወፍ ከውሻ ርቆ ያርፍበታል።

ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ለሚበልጥ ቦረቦር ይህ መመሪያ አይበቃም። የወረዳውን ባለሙያ ጥሩ፤ ጋቢዮን (በሽቦ ቅርጫት የታሰረ ድንጋይ) እና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሳያስፈልገው አይቀርም። በተረፈ ግን ከጨፌው በላይ ያለው ዳገት እርከን ከሌለው በዓመት በዓመት ደለል ይሞላባችኋል፤ በጥርና በየካቲት የሚደረገውን የተፋሰስ ዘመቻ ወደዚያ እንዲዞር ጠይቁ።

ቆላ ላይ ላለ አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢት አካባቢ የቆመ ውኃ ወባ ይጠራል። ይህ አሠራር ለደጋው ነው።

ባሕር ዛፍ

ባሕር ዛፉን የተከለው ሰው ልጁን የሚያስተምረው በእሱ ሊሆን ስለሚችል ንቀሉ ብላችሁ አትነሱ። የቆመው ደርሶ ይቆረጥና ይሸጥ፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን የሚያቆጠቁጠው እንዳያድግ ስምምነት ይግባ። ጉቶውን ከመሬት እኩል ቆርጦ ቅርፊቱን መላጥና ቡቃያውን በየወሩ መስበር ያደክመዋል። ምትኩ ከጨፌው ዳር ራቅ ብሎ ዳገቱ ላይ ይተከል።

ሣሩ፣ ከብቱና የጉበት ትል

ቀጠማና ግጫ ከውጭ አምጥታችሁ አትትከሉ። ውኃው ሲመለስ አፈር ውስጥ የተኛው ዘር ራሱ ይነሳል። ከሩቅ የመጣ የውኃ ተክል እምቦጭን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ጣናና ቆቃ ያሉበትን የማያውቅ የለም።

ውኃ መመለስ የሚያመጣው አንድ ችግር አለ፣ እሱንም ሸሽጎ ማለፍ አይገባም፤ የጉበት ትል ነው። የትሉ እንቁላል በፋንድያ ወደ ውኃው ይገባል፣ በትንሽዬ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ወጥቶ ከውኃው ዳር ካለ ሣር ላይ ይለጠፋል። የመንዝ በግ ያን ሣር ሲግጥ ትሉ ወደ ጉበቱ ይገባል፤ በጉ ይከሳል፣ ከመንጋጋው ሥር ያብጣል። ስለዚህ በግ ጨፌው ውስጥ አይግባ። ለከብትም ቢሆን ውኃ ከጨፌው ውጭ በገንዳ ይቅረብ፤ ከበሩ ትንሽ ቱቦ መሳብ ይበቃል። ሣሩ ታጭዶ ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። መድኃኒት መቼ እንደሚሰጥ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ከብት የሚገባው ከአጨዳ በኋላ ነው፤ ምልክቱም ተረከዛችሁን አጥብቃችሁ ስትረግጡ ውኃ አለማቆሩ። ከዚያ በፊት የገባ በሬ መሬቱን ያቦካዋል። የአረም መድኃኒት መርጫ በጨፌው ውኃ የሚያጥብ ደግሞ ከማንም በላይ ይቀጣ።

ወፎቹ የሚፈልጉት

በደጋው ጨፌ ሁለት ወፎችን አስቡ። አንደኛው በኢትዮጵያ ደጋ እንጂ ሌላ አገር የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ አስደግፎ ሲራመድ ታዩታላችሁ። እሱ የሚፈልገው ውኃ ዳር ያለ አጭር፣ የተጋጠ ሣር ነው። ሁለተኛዋ ጭራዋን ብድግ ባደረገች ቁጥር ከሥር ነጭ የምታሳይ ቡናማ የረግረግ ወፍ ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለችም። እሷ ደግሞ ረጅም ሣር ካላገኘች አትደበቅም፣ ካልተደበቀች አትጥልም። ሁሉን የሚያጭድ ቀበሌ ሁለተኛዋን ያጣል፤ ጨርሶ የማያጭድ የመጀመሪያውን።

ስለዚህ ጨፌውን ሦስት ቦታ ክፈሉት። በየዓመቱ ሁለቱ ይታጨዳል፣ አንዱ ያድራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተራው ይዞራል። ማጭድ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሂድ፤ ከዳር ወደ መሃል ከሆነ ጫጩቱ መውጫ ያጣል። ብዙዎቹ የጨፌ ወፎች በክረምቱ ስለሚጥሉ መዝጊያው ከሐምሌ መሆኑ ለዚህም ይጠቅማል። እረኞች ውሻቸውን ወደ ጨፌው እንዳያስገቡ፤ ለጓሳ አጎራባች ቀበሌዎች ጉዳዩ ከወፍ ያልፋል፣ ውሻ የእብደት በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ያሻግራልና።

ታቦቱና ጠበሉ

የጥምቀተ ባሕሩ ቦታ፣ የጠበሉ ምንጭና ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከክትሩ ሥራ በፊት ካህናቱ ባሉበት ይለይ። ጠበሉ ላይ ምንም አይነካም። ለጥምቀት ውኃው ዝቅ እንዲል ከተፈለገ በሩን የሚጠብቀው ሰው ከከተራ ቀድሞ ጣውላ ያነሳል። ሕዝቡ የሚቆምበት ሜዳ ከሚታጨደው ወገን ይሁን፣ ካደረው አይሁን። ቀጠማ ለማኅሌትና ለዓመት በዓል የሚያጭዱት በነፃ፣ ለገበያ የሚያጭዱት በክፍያ ቢሆን ቅሬታ ይቀንሳል። ከግጫ ገመድና ገሳ መሥራት የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ከወጣቶች ጋር አንድ ቀን አብረው ያጭዱ፤ የትኛው ግጫ ለምን እንደሚሆን በመጽሐፍ አይገኝም።

መቁጠርና መጠገን

በየ5 ሳንቲ ሜትሩ የተመለከተ ዘንግ በሩ አጠገብ ትከሉና በየሳምንቱ በአንድ ቀን የውኃውን ልክ ደብተር ላይ ጻፉ። ወፍ የሚቆጠረው በጥር መጀመሪያ ነው። በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፍ ቆጠራ የሚካሄደው በዚሁ ሰሞን ነው፤ በመስከረም ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ገና አልተመለሱም። በማለዳ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ዘንድሮም ከርሞም ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ቁጠሩ። አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ። መንጋ ሲሆን በአሥር በአሥር። ስሙን ያላወቃችሁትን ወፍ መልኩን ጻፉ ወይም በስልክ አንሱት፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአገሪቱ በወፍ ጉዳይ ሲሠራ የኖረ ነው፤ መዝገባችሁን ብታደርሱት ይጠቅማል።

ከመስቀል በኋላ ክትሮቹን አንድ በአንድ ዙሩ። ፍልፈል የቆፈረው ካለ እስከ ሥሩ ከፍታችሁ በመረሬ ጠቅጥቁ፤ ከላይ መድፈን ብቻ አይያዝም። የሰመጠው ይሞላ፣ ሣሩ ያልያዘው ይሸፈን። ለገበያ ከታጨደው ሣር በተገኘው ገንዘብ መጀመሪያ የጠባቂውና የበር ኃላፊው ይከፈል፣ ቀጥሎ ለጥገና ይቀመጥ፣ የተረፈው በደንቡ መሠረት ይከፋፈል፤ ሒሳቡም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይነበብ።